የተልባው ቱቦ ባለቤት

ፓተንቱ፣ የፈጠራ ባለቤትነት ወረቀቴ፣ ገና ሳይጸድቅ ክፈፉን አሠርቼ ሳሎኔ ውስጥ ሰቅያለሁ። በመላው ጂንካ ባዶ ክፈፍ የሰቀልኩ እኔ፣ ነርስ አብኔር፣ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ባለቤቴ ሩሐማ "እንግዳ በመጣ ቁጥር 'ፎቶው የት ሄደ?' ይሉኛል" እያለች ትስቅብኛለች። ትሳቅ! የሽንት ቱቦ፣ ካቴተር የሚሉት፣ ሲገባላቸው የሚጮኹ ሽማግሌዎችን አሥራ ስምንት ዓመት ይዣለሁ። ቱቦውን በተልባ ዝልግልግ ቀብቼ እንዲያሟልጭ አደረግኩ። ስሜ ይጻፍልኝ ማለት ኃጢአት ነው?

ተቃዋሚ ግን አልጠፋም። አንድ ቱቦ አስመጪ ድርጅት ወንድይፍራው የሚባል ጠበቃ ላከብኝ። ጉዳዩን የሚያዩት መርማሪ፣ ወይዘሮ ትህትና፣ ከአዲስ አበባ ድረስ መጥተው በከተማው አዳራሽ ተሰየሙ።

"ለሙያው ሰው ግልጽ የሆነ ነገር ፈጠራ አይባልም" አለ ወንድይፍራው። "የተልባን ማሟለጭ የማያውቅ ማን አለ?"

"ተልባ ብቻውን ቱቦ ላይ ደርቆ ይረግፋል" አልኩ። "የእኔ አይደርቅም፤ ማር አለበት። ይህን ማን ያውቃል?"

"የአገሩ ሰው ሁሉ!" ብሎ ምስክሩን ጠራ።

የገቡት ጎረቤቴ እማማ አስቻለች ነበሩ። ላም ምጥ ሲጠናባት ሰፈሩ የሚጠራው እሳቸውን ነው። ሳያቸው ወንበሬ ላይ ዝቅ አልኩ።

"ጌታ ይባረክ" ብለው ሁላችንንም ሰላም አሉ።

"እማማ፣ ጥጃ አልወጣ ሲል ክንድዎን ምን ይቀባሉ?"

"ተልባ በማር።"

"ይህንን እዚህ ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ አይደል?"

እማማ ብድግ አሉ። "ማነው ሁሉም ሰው? አርባ ዓመት ሙሉ ማሩን በጋቢዬ ሥር ደብቄ ነው የምጨምረው! የወለድኳት ልጅ እንኳ አታውቅም! ሰው ሁሉ ቢያውቅማ እኔን በዝናብ ማን ይጠራኝ ነበር?"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ጠበቃው ወረቀቱን ያገላብጣል። ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ! አልኩ በልቤ። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም።

"ታዲያ አቶ አብኔር፣ እርስዎ እንዴት ደረሱበት?" አሉ ወይዘሮ ትህትና።

እማማ መለሱልኝ። "በአጥሬ ቀዳዳ ነዋ! ባለፈው ክረምት ላሜ ስትወልድ አንድ ዓይን ሲያፈጥ አይቻለሁ። የጎረቤት ውሻ መስሎኝ ዝም አልኩ።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። "ቱቦው ላይ መቀባቱ የእኔ ሐሳብ ነው" አልኩ በቀጭን ድምፅ። "ማሩ የእሳቸው ነው።"

ፓተንቱ ጸደቀ። የእሳቸው ስም ከላይ፣ የእኔ ከታች ተጻፈ። እማማ ወረቀቱን ሲወስዱ "ባዶውን ምን ያደርግልሃል?" ብለው ክፈፌንም ጨመሩት፤ በረንዳቸው ላይ ሰቀሉት።

አንድ ቀን ስሜን ልየው ብዬ የግቢያቸውን በር አንኳኳሁ።

"በሩን ምን አደከመህ፣ ልጄ?" አሉኝ ከውስጥ። "ከቀዳዳህ ፊት ለፊት ነው የሰቀልኩልህ።"

ወደ አጥሩ ሄድኩ። የእሳቸው ስም ጎንበስ ስል ታየኝ። የእኔን ለማንበብ መንበርከክ ነበረብኝ።