እነ እንኳየሁ ቤት በላሁ

“በልቻለሁ አልኩ እኮ፣ እትዬ እንኳየሁ!” አለች ዓይናዲስ የቀረበላትን ሳህን በእጇ እየገፋች።

ውሸቷን ነው። እናቷ እጅጋየሁ ከተቀበረች ወዲህ እህል የሚባል ነገር በአፏ አልዞረም። ጎንደር አራዳ፣ ደጃፋቸው ላይ በተተከለው ድንኳን ለቀስተኛው ይገባል፣ ይወጣል፤ እሷ ግን ከአንድ ጥያቄ ጋር ተፋጣለች። ያው አንድ ጉንፋን ነበር ቤቱን ያዳረሰው። እሷን፣ ባሏን፣ ልጆቿን አስነጥሶ አለፈ፤ እናቷን ግን ሳንባዋ ድረስ ወርዶ ይዟት ሄደ። ሐኪሙ “ሰውነታቸው አቅም አልነበረውም” አላት። ቤቱ ሞልቶ ተርፎ እንዴት አቅም ያጣል?

“ምነው እሷን ብቻ ለይቶ?” አለች ጮክ ብላ።

“እንጃ ልጄ፣ እጅጋየሁስ ምን ጎድሎባት!” አሉ ግድግዳ የሚጋሯቸው ጎረቤት እንኳየሁ። “እኔ ዘንድ ስትመጣ መቼ ቀምሳልኝ ታውቃለች? ‘አሁን አልማዝ ቤት በላሁ’ ነበር መልሷ።”

ከማዶ የተቀመጡት ሌላዋ ጎረቤት አልማዝ ቀና አሉ። “እኔ ቤት? እኔንማ ‘እንኳየሁ በግድ አጉርሳኝ ሆዴ ሊፈነዳ ነው’ ነው የምትለኝ!”

“እኔ? በግድ?”

“በሥላሴ!”

ሁለቱም ወደ ዓይናዲስ ዞሩ። “አንችንስ ምን ትልሽ ነበር?”

“‘እነ እንኳየሁ ቤት በላሁ’” አለች ዓይናዲስ ቀስ ብላ።

የእድሩ ሽማግሌ አያ አስማረ በጋቢያቸው አፋቸውን ሊይዙ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። “ነፍሷን ይማርና፣ እቺ ሸጋ ውሸታም! ሁለት ቤት እየበላች ጾሟን ታድር ኖሯል!” ሲሉ ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። አልማዝ እየሳቁ እንባቸውን ጠረጉ።

ዓይናዲስም ሳቀች፤ እየሳቀች ያደገችበት አዲ አርቃይ ትዝ አላት። ዝናብ የጠፋበት ክረምት ነበር። ለእሷና ለወንድሟ አንዲት እንጀራ ትቀርባለች። እናቷ ከውጭ ትገባለች፤ ሥጋ በልታ እንደመጣች ሁሉ ጥርሷን በስንጥር እየጎረጎረች! “ብሉ እናንተ፣ እኔ ጎረቤት አጥግበውኛል” ብላ ሆዷን እንደ ከበሮ ትመታላቸዋለች። ልጆቹ በሳቅ ይንፈራፈራሉ። ጎንደር ገብተው፣ ዓይናዲስ ተምራ ሥራ ይዛ፣ ቤቱ እህል ሲጠግብ እንኳ እናቷ ያን ስንጥር አልጣለችም። መጀመሪያ ልጆቹ፣ ቀጥሎ እንግዳው፤ ለራሷ የሚተርፍ ካለ።

“በሽታ ምን አለበት፣” አሉ አያ አስማረ ሳቃቸው ሲበርድ። “ባዶ ቤት ሲያገኝ ዘው ይላል።”

ዓይናዲስ ልትመልስ ስትል ሳል አጣደፋት። ያ ጉንፋን ገና አልለቀቃትም። እንኳየሁ ያልተነካውን ሳህን አዩ፣ እሷን አዩ።

“ለመሆኑ አንች የት ነው የበላሽው?”

“እነ እትዬ አልማዝ ቤት…” አለችና የገዛ ድምፅዋን ሰምታ ደነገጠች።

“እኔ ቤት?!” አልማዝ ከመቀመጫቸው ተነሡ። “ኧረ ጉድ! የእናቷ ልጅ!”

ድንኳኑ እንደገና ሳቀ። እንኳየሁ ግን አልሳቁም። እንጀራውን በሽሮ ጠቅልለው፣ ጡጫ የሚያህል ጉርሻ ይዘው ፊቷ ተንበረከኩ።

ዓይናዲስ አፏን ከፈተች። አላመጠች፤ ለመዋጥ ታገለች፤ ዋጠች። እናቴ ይህን እንቢ እያለች ነው የኖረችው ብላ አሰበችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እንኳየሁ ሳህኑን ይዘው ሊነሡ ሲሉ የነጠላቸውን ጫፍ ያዘቻቸው።

“አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ እትዬ” አለችና አፏን መልሳ ከፈተች።