ፍስስ የሚለው ፍሬን

ሾፌሩን ይስማውን ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር። እዚህ ጽሑፍ ላይ ግን አንቱታ ከእኔ አያገኝም።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ማግስት ደባርቅ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበርኩ። እህል እንድናመላልስበት አዲስ የጭነት መኪና ተላከልን፤ የፍሬኑን አሠራር አዲስ አበባ ሄጄ የተማርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። መኪናው የተሰጠው ግን ሊማሊሞን በጣሊያን ካሚዮን ሲወጣ ሲወርድ ላረጀው ለይስማው ነው። አያያዙን ላስረዳው ብሞክር፣ «ፍሬን መያዝ ካንተ ልማር?» ብሎኝ ሄደ።

በመጀመሪያው ጉዞ ጭቃ ላይ ፍሬን ሲይዝ ከሥር «ፍስስ፣ ፍስስ» የሚል ድምፅ ሰማ። በነፋስ ፍሬን ለሚነዳ ሰው ይህ ክፉ ድምፅ ነው፤ ቱቦ ተቀዷል፣ ነፋሱም እያለቀ ነው ማለት ነው። መኪናውን አዙሮ በቀጥታ የወረዳው ካድሬ ጓድ ሰጠኝ ቢሮ ገባ። የተናገረው አንዲት ቃል ነው፤ አሻጥር። ያኔ በዚህች ቃል ተወስዶ የቀረ ብዙ ነው።

«ቱቦውን ቆርጠሃል?» አለኝ ሰጠኝ አስጠርቶ።

«አልቆረጥኩም ጓድ። ጎማ ጭቃ ላይ ድርቅ ብሎ ከተያዘ መኪናው ይንሸራተታል፣ መሪም አይታዘዝም። ይኼኛው ግን ጎማው ሊደርቅ ሲል ያውቅና ነፋሱን ትንሽ ለቀቅ አድርጎ መልሶ ይይዛል። ፍስስ የሚለው ለዚያ ነው። ሾፌሩ ረግጦ መቆየት ብቻ ነው።»

«መኪናው ያውቃል ነው የሚለኝ እኮ ይኸ ሰውየ» አለ ይስማው። «የኔን እግር ሥራ ለብረት ሰጠው።»

ሰጠኝ ሁለታችንንም አየንና፣ «አብራችሁ ሊማሊሞን ውረዱ፤ ከተገለበጠም አብራችሁ ናችሁ» አለ።

ዝናቡ አላባራም ነበር። ይስማው በየኩርባው ፔዳሉን ረገጥ ለቀቅ፣ ረገጥ ለቀቅ ያደርጋል። የድሮ መኪና ጎማው እንዳይደርቅ የሚነዳው እንደዚያ ነው። በዚህኛው ግን ነፋሱን ከመጨረስ በቀር አይጠቅምም፤ የነፋሱ መለኪያ ቀስት ሲወርድ አየሁ።

«ጋሼ፣ አይልቀቁት፤ ረግጠው ይያዙት።»

«ዝም ብለህ ተቀመጥ።»

አንዱን ኩርባ ስንዞር ናዳ መንገዱን ግማሽ ዘግቶታል። ይስማው ፍሬን ረገጠ። ፍስስታውን ሲሰማ ደንግጦ እግሩን አነሳ፤ መኪናው ወደ ገደሉ ተንደረደረ። ያን ጊዜ በእግሬ እግሩን ረግጬ ከፔዳሉ ጋር አጣበቅኩት።

«ያዘው አንተ! መሪውን አዙር!»

መኪናው እያፏጨ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ መሪውም ታዘዘለት። ናዳውን ታክከን ቆምን።

«እግርህን አንሳ» አለኝ። አነሳሁ። መኪናውን አዙሮ ወደ ደባርቅ፣ ወደ ሰጠኝ ቢሮ መለሰን፤ እኔ ሞኙ ደግሞ ፍሬኑን ያመነበት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

«እህስ?» አለ ሰጠኝ።

«ፍሬኑ ደህና ነው ጓድ» አለ ይስማው። ደረቴ ቀለለኝ። «ደህና ያልሆነው ሰውየው ነው። ገደል አፋፍ ላይ እግሬን ረግጦ መኪናየን ሊነጥቀኝ ነበር። አባቱ የምሆነውን ሰውየ አንተ ብሎ አዋርዶኛል።»

ሰጠኝ ወደ እኔ ዞረ። «ረግጠኸዋል?»

«ረግጫለሁ።»

«አንተ ብለኸዋል?»

«ብያለሁ።»

በማግስቱ ወደ ጎንደር እስር ቤት ተላክሁ። የወሰደኝ ያው መኪና ነው፤ የነዳውም ያው ይስማው። እኔ ከአንድ ጠባቂ ጋር ከኋላ፣ ከባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጫለሁ። ዳባት ልንደርስ ስንል ቁልቁለቱ ላይ ከብቶች መንገድ ገቡብን። ይስማው ፍሬን ያዘ። ከሥሬ ፍስስ፣ ፍስስ፣ ፍስስ አለ፤ መኪናው ጭቃው ላይ ሳይዛነፍ ቀጥ ብሎ ቆመ። አንዴ ረግጦ ያዘው እንጂ እግሩን አላነሳም።