ለቫሊሲ የተተወ ቦታ

በሉቴሉ ደጃፍ፣ ከበሩ በስተቀኝ፣ ማንም የማይቀመጥበት ቦታ ነበር። ስፋቱ አንድ ሰው ቢጋደምበት ልክ ነው። ነጭ የባሕር ጠጠር ተነስንሶበታል፤ ዙሪያውን ዛጎል ተደርድሮበታል። ውሻ ሲተኛበት ሉቴሉ ድንጋይ ያነሳል፤ ዶሮ ስትጭርበት የዶሮዋን ባለቤት እስከ ሰባት ቤቷ ይሰድባታል።

እኛ የናኖራ ሰዎች ሙታናችንን አናርቅም። እናት የምትቀበረው በደጇ ነው። ማታ ማታ ልጆቿ መቃብሯ ላይ ሰሌን ዘርግተው ካርታ ይጫወታሉ፤ ይጣላሉ፤ እዚያው ይታረቃሉ። ምራት አማቷን ማማት ሲያምራት ወደ ባሕሩ ዳር ትወርዳለች፤ ደጅ ላይማ ባለቤቲቱ ትሰማለች። በኛ መንደር ሰው ሞቶም ከወሬ አይጎድልም።

የሉቴሉ ሚስት ቫሊሲ ግን ደጇ ላይ አልነበረችም። ደሴቶቻችን ከከበቡት ከውስጡ ባሕር ማዶ፣ የደሴቶቻችን ሁሉ መጨረሻ በሆነችው በቴላፋ ነበረች። ቴላፋ የአባቷ መሬት ናት። ባልና ሚስቱ በየዓመቱ ኮኮናት ሊፈለፍሉና ሊያደርቁ ወደዚያ ይሻገሩ ነበር። እንዲህ ተሻግረው ሳሉ የምዕራቡ ነፋስ ተነሳ፤ በዚያው ቫሊሲን ትኩሳት ጣላት። ታንኳ የሚያሳልፍ ባሕር አልነበረም። ሉቴሉ ከንፈሯን በኮኮናት ውሃ እያራሰ ሲያስታምማት ሰነበተ፤ ነፋሱ ሳይበርድ እሷ ቀደመች። ብቻውን ቆፈረ፤ ብቻውን ቀበረ። አፈሩን ሲመልስባት፣ «እዚህ አትቀሪም፤ ደጅሽ አገባሻለሁ» አላት። ይህን የምናውቀው ከራሱ አፍ ነው፤ የኮኮናት ጠላ ሲቀምስ ያወራዋል። ካልቀመሰ ስሟንም አያነሳም።

ዐፅም ማንሳት ድግስ አለው፤ ድግሱ ደግሞ ያለ አሳማ አይሆንም። ሉቴሉ አንድ የአሳማ ግልገል አምጥቶ በኮኮናትና በዓሣ ትርፍራፊ ያሳድግ ጀመር። መንደሩ «የቫሊሲ» እያለ ጠራው። ሉቴሉ ከሚበላው፣ የዳቦ ፍሬ ከምንለው የዛፍ ፍሬ፣ የተሻለው ቁራሽ ወደ አሳማው ሲሄድ እናይ ነበር።

«አንተ ሉቴሉ» ትለዋለች ጎረቤቱ ማኬሪታ አንገቷን በአጥሩ ላይ አስግጋ፣ «ይኸ አሳማህ ባል ባል ሸተተኝ። ቦርጩን አይተኸዋል?»

«የራስሽ ባል መስሎሽ ነው። ተሳስተሽ እንዳታስገቢው አደራ።»

«ቢገባስ ምን ገዶኝ። የኔው ሲያንኮራፋ ይብሳል።»

አሳማው ለእርድ ሲደርስ ሉቴሉ ወደ ሽማግሌዎቹ ሄደ። መቃብር ያለ ሽማግሌዎች ፈቃድ አይከፈትም። በመሰብሰቢያው አዳራሽ እያንዳንዱ ቤተሰብ የሚደገፈው የራሱ ምሰሶ አለው፤ የሚናገር ሰው ጀርባውን ለምሰሶው ሰጥቶ ነው የሚናገረው። ሉቴሉም ምሰሶውን ተደግፎ፣ «ባሕሩ ቴላፋን እየበላ ነው» አለ። «በመቃብሯና በውሃው መካከል ሁለት የኮኮናት ዛፎች ነበሩ። አንዱ ወደቀ። ሚስቴን ላምጣት።»

የሽማግሌዎቹ አለቃ አፒኔሉ ጉሮሮውን ጠረገ። እሱ ጉሮሮውን ሲጠርግ መልሱ እምቢ እንደሆነ ሕፃን እንኳ ያውቃል።

«ወንድሜ፣ እውነትህን ነው። ግን ብረቱን አይተኸዋል።»

ብረቱን ያላየው የለም። ባለፈው ደረቅ ወር የታላቂቱ አገር መርከብ መጥቶ ቴላፋ ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ የብረት ምሰሶ ተክሎ ሄዷል። ስሟን አልጠራም፤ እሷም የኛን ስም ስትጠራ ሰምተን አናውቅም። «ሰው የማይኖርበት ባዶ ድንጋይ ነው፤ በዙሪያው ያለው ባሕርም የኔ ነው» ብላ በሬዲዮ አስነግራለች። ያ ባሕር ቢሄድ ዓሣችን ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

ከአፒኔሉ አጠገብ ቶፊጋ ተቀምጦ ነበር። የቫሊሲ የእህቷ ልጅ ነው፤ እናቱ ስትሞት ያሳደገችው ቫሊሲ ናት። ዛሬ ዋና ከተማ ተቀምጦ በዓለም ጉባኤ ስለ አገራችን ይናገራል። በዚያ ሰሞን ወደ ጉባኤው ከመሄዱ በፊት ሽማግሌዎቹን ሊያነጋግር መጥቶ ነበር። ከወንበሩ ወርዶ ሉቴሉ እግር ሥር ሰሌኑ ላይ ተቀመጠ።

«አጎቴ፣ እዚያ የሰው እጅ ያረፈበት ነገር ምን አለን? ጎጇችሁን ነፋስ ወስዷል። የቀረችን እሷ ናት። ንግግሩን እስካደርግ ብቻ ታገሰኝ።»

«ሬሳ ቆሞ ድንበር ይጠብቅልህ?»

«እሷ ቆማ የማትጠብቀው ምን ነበር? እኔን አይደል ቆማ ስትጠብቅ ያሳደገችኝ?»

ሉቴሉ ሳይፈልግ ሳቀ። ቫሊሲ ይህ ልጅ ከትምህርት ቤት እንዳይጠፋ በሩ ላይ የምትቆም ሴት ነበረች። በሳቁ ተያዘ። «እንግዲያስ ቶሎ ተናገር» አለው።

በንግግሩ ቀን መንደሩ ሁሉ አዳራሽ ተሰበሰበ። ሬዲዮው መሀል ላይ ከተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። ድምፁ ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ አንዴ ቶፊጋ ይሆናል፣ አንዴ ዓሣ ሲጠበስ ይመስላል።

«እኛ ጦር የለንም» አለ ቶፊጋ። «ያለችን አንዲት የፖሊስ ጀልባ ናት።»

«እሷም ሞተሯ ወልቋል በላቸዋ!» አለች ማኬሪታ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አፒኔሉ በጭራው ዝም አሰኘን።

«ትልልቆቹ ሲጣሉ የምንረገጠው እኛ ነን። ስለ ዓለም ሰላም የምንለምናችሁ ከእናንተ የተሻልን ደጎች ስለሆንን አይደለም፤ መሸሸጊያ ስለሌለን ነው። የተራራ ዋሻ የለንም፤ ማፈግፈጊያ የለንም፤ ከኋላችን ባሕር ነው፤ ከፊታችንም ባሕር ነው። ዳር ድንበራችን ይከበርልን። ቴላፋ ባዶ ድንጋይ አይደለችም። ያሳደገችኝ እናቴ ቫሊሲ እዚያ ተኝታለች። ሰው ሙቱን ያሳረፈበት መሬት ባዶ አይባልም።»

ከዚያ ሬዲዮው ተመልሶ ዓሣ ጠበሰ። የሰማው አንድም ሰው ግን አልተንቀሳቀሰም። በመጀመሪያ አንዲት አሮጊት አለቀሱ፤ ከዚያ ሁላችንም። ሉቴሉ ምሰሶውን ተደግፎ እጆቹን ያያል። የሚስቱን ስም ዓለም ሰማው። ኮኮናት ስትፈለፍል ጣቷን ሰባት ጊዜ የቆረጠች፣ ከናኖራና ከቴላፋ ውጭ አንድ ቀን አድራ የማታውቅ ሴት። ደስ አለው፤ ደስ ስላለውም አፈረ።

በማግሥቱ ቢላዋውን ይስል ጀመር፤ ለአሳማው ነው። አፒኔሉ በዚያው ቀን መጣ። ሳይቀመጥ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ተው አፒኔሉ» አለ ሉቴሉ። «ተው፣ አትጥረገው።»

«ወንድሜ፣ ንግግሩ ሰምሮልናል። ጉባኤው አጣሪዎች ልላክ ብሏል። መቃብሯን በዓይናቸው ሊያዩ ነው። ዓለም ሁሉ ስሟን ሰምቶ ሲያበቃ ባዶ ጉድጓድ እናሳያቸው?»

«መቼ ነው የሚመጡት?»

«መርከብ ሲገኝ።»

«ባሕሩስ መርከብ ሲገኝ ነው የሚመጣው?»

አፒኔሉ ደግ ሰው ነው፤ የሱም አባት ከዚያ ባሕር ነው ዓሣ አውጥቶ ያሳደገው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጎን ለጎን ቆመው ያንን ነጭ ጠጠር ሲያዩ ቆዩ። በመጨረሻ ሉቴሉ ቢላዋውን በጣሪያው ክዳን መሀል ሰካውና፣ «እሺ» አለ። ሁለተኛ እሺ ማለቱ ነው። ሲመሽ አሳማውን ሲቀልብ ማኬሪታ አየችው፤ የዚያን ቀን አልቀለደችበትም።

አጣሪዎቹ ሳይመጡ የጨረቃዋ ሙላትና የምዕራቡ ነፋስ ባንድ ቀን ገጠሙ።

በኛ አገር ባሕር የሚመጣው ከዳር ብቻ አይደለም፤ ከሥርም ይመጣል። መሬቱ ራሱ ያልበዋል። እኩለ ቀን ላይ ሉቴሉ በሩ ላይ ቆሞ ሳለ በደጁ ጠጠር መሀል ውሃ ሲፈልቅ አየ፤ መጀመሪያ አረፋ፣ ከዚያ ኩሬ። ለቫሊሲ የተወው ቦታ በጨው ውሃ ተሞላ። ዛጎሎቹን ውሃው አንድ በአንድ ወሰዳቸው።

«ሄደች» አለ። ማኬሪታ ከአጥሩ ማዶ፣ «ማን?» ብላ ጮኸች።

ነፋሱ ሲበርድ ከማኬሪታ ባል ከኬሊ ጋር በታንኳ ተሻገረ። ቴላፋ ተጠርጋ ነበር፤ ለእንግዳ የተጠረገ ቤት መስላለች። ሁለተኛው ኮኮናት ሥሩን ወደ ሰማይ አድርጎ ወድቋል። የመቃብሩ ድንጋይ ለሁለት ተሰንጥቆ ግማሹ ውሃ ውስጥ ነው። ከሥሩ አሸዋ ብቻ፤ ለስላሳ፣ ንጹሕ አሸዋ። ያ ቀይ ብረት ግን እንደተተከለ ቆሟል፤ አልጎበጠም።

ሉቴሉ እስከ ወገቡ ውሃ ገብቶ በእጆቹ ይዳብስ ጀመር። ድንጋይ ያነሳል፤ አይቶ ያስቀምጣል። ሌላ ያነሳል። ኬሊ ዳር ሆኖ ጠበቀው። ጣቶቹ ሲጨማደዱ፣ ፀሐይም ስታዘቀዝቅ፣ ኬሊ ገብቶ በሸሚዙ ያዘው።

«በቃ ወንድሜ። ሙላቱ እየተመለሰ ነው።»

«ጣት ብትሆን እንኳ፣ ኬሊ። አንዲት ጣት ብትገኝ አስገባት ነበር።»

ኬሊ ወሬኛ ነው፤ መንደር ሲገባ ከዚህ በላይ አልነገረንም።

ቶፊጋ ከአጣሪዎቹ ቀድሞ መጣ። ወሬውን ዋና ከተማው ወደብ ላይ ነበር የሰማው። ሉቴሉ ደጅ ደርሶ ባዶው ቦታ ዳር ተንበረከከና እንደ ልጅ አለቀሰ። ሉቴሉ ጀርባውን መታ መታ አደረገው። ልጁ አልቅሶ ሲያበቃ ግን የመጣበትን ተናገረ፤ ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

«አጎቴ፣ ሲሚንቶ ይዤ መጥቻለሁ። አዲስ ድንጋይ እንሥራና ስሟን እንጻፍበት። ቆፍረው አያዩም፤ ነውር ነው።»

«ባዶ መቃብር?»

«ባዶ አይደለም፤ እሷ ነበረችበት! በውሸት የሚወስዱብንን በ…» ቃሉን አልጨረሰም።

«በውሸት ልንጠብቀው» ብሎ ሉቴሉ ጨረሰለት። ቁጣ አልነበረበትም። «ስማኝ ልጄ። ሁለት ጊዜ እሺ አልኳችሁ። ደጅሽ አገባሻለሁ ያልኳትን አላገባኋትም። አሁን ደግሞ በሌለችበት አለች ብዬ ስሟን ልጻፍ? ስትሰማኝ ምን ትለኛለች?»

«ታዲያ ምን ላሳያቸው? ጨርሰን ባዶ እጃችንን ቀረን እኮ!»

ሉቴሉ ሲሚንቶውን አየ፤ ደጁን አየ፤ አሳማውን አየ።

«ሲሚንቶውን ጫነው» አለ። «ድንጋዩን እንሠራለን። የምትጽፈው ግን የኔን ስም ነው።»

«አጎቴ…»

«የምሞትበትን ዓመት ክፍቱን ተወው። እናንተ ትሞሉታላችሁ። እስከዚያው እኔ አለሁ፤ እዚያው ቴላፋ ጎጆ እሠራለሁ። ሰው አይኖርበትም አሉ አይደል? ይኸው ሰው።»

ማኬሪታ ይህን ስትሰማ ከአጥሩ ማዶ፣ «አንተ ጅል ሽማግሌ! ማን ያበስልልሃል? ማን ይሰድብሃል?» ብላ ጮኸችበት።

«ነፋሱ ወደኔ ሲነፍስ ተሳደቢ፤ እሰማሻለሁ» አላት። እሷም መቀነቷን አፏ ላይ አድርጋ ቤቷ ገባች።

አሳማው የታረደው ለአጣሪዎቹ አቀባበል ነው። በምድር ምድጃ ቀኑን ሙሉ በሰለ፤ ጥሩ ስብ ነበረው። እንግዶቹ አመስግነው በሉ። ሉቴሉ ድርሻውን በቅጠል ተቀብሎ ሳይነካው ለኬሊ ሰጠው።

በማግሥቱ ቴላፋ ላይ አንዷ አጣሪ በአስተርጓሚ ጠየቀችው። «የባለቤትህ መቃብር ይህ ነው?»

ቶፊጋ አንገቱን ደፋ። ሉቴሉ፣ «አይደለም» አለ። «ይህ የኔ ነው። የሷን ባሕሩ ወስዶታል፤ እኔ ነኝ ላምጣት እያልኩ ያዘገየሁት። እሷ እዚያ ናት» ብሎ ውሃውን በአገጩ አሳየ። ሴትዮዋ ጻፈች። ወደ ውሃው ስታይ ቆየችና ባርኔጣዋን አወለቀች። ከዚያ መርከባቸው ሄደ፤ ሉቴሉ እዚያው ቀረ።

ነገሩ ለሚቀጥለው ጉባኤ ተቀጥሯል ይላል ሬዲዮው። ቶፊጋ አሁንም ስለ ሰላም፣ ስለ ዳር ድንበር ይናገራል፤ ድምፁ ትንሽ አርጅቷል። ቀዩ ብረትም ቆሟል። በአዳራሹ የሉቴሉን ምሰሶ የሚደገፈው የለም፤ እንግዳ ሲሳሳት እናነሳዋለን። በደጁ ያለውን ነጭ ጠጠር ማኬሪታ ናት የምትጠርገው፤ ዶሮዎቿ ሲጭሩበትም ራሷ ትሰድባቸዋለች።

ሲመሽ ከውስጡ ባሕር ማዶ አንዲት ፋኖስ ትበራለች። ሴቶቹ ሰሌናቸውን ሲሰበስቡ፣ ወንዶቹ መረባቸውን ሲያጥፉ፣ ሁሉም ወደዚያ ቀና ይላል። ከበራች ማንም ምንም አይልም። ማኬሪታ ብቻ፣ «አለ ጅሉ» ትላለች።

ኬሊ ታንኳውን ከውሃው ብዙ አያርቅም። ምን እየጠበቀ እንደሆነ አንጠይቀውም።