ጋሼ ይማም እስኪደርሱ

በረምላ የጭፈራ ቪዲዮ ሥር ከተጻፉት ከአራት ሺህ በላይ አስተያየቶች መካከል ያቺ አንዷ እንኳን ልትነበብ ልትታይም የምትበቃ አልነበረችም። ከበላይዋ አንዱ የልብ ምልክት ደርድሯል፤ ከበታችዋ ሌላው «አግቢኝ» ብሏል። መሐል ላይ ግን ፎቶ የሌለው፣ ስሙም የማይታወቅ ሰው «እናቷ ዓርብ ተቀብራ እሷ ትከሻዋን ትሰብቃለች» ብሎ ጽፎ አልፏል። ረምላ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አምስት ጊዜ አነበበችው። ዕለቱ እሑድ ነው፤ ገና ጠዋት ሁለት ሰዓት አልሞላም።

ውሸት ሊሆን ይችላል። ፌስቡክ ላይ ስለ እሷ ያልተጻፈ ምን አለ? ባለፉት ሦስት ሳምንታት ዓረብ አገር ተሻግራለች፣ ሁለት ልጆች ጥላ ጠፍታለች፣ መኪና ገጭቷት ሞታለች ተብሏል፤ የሞተችበትን ወሬማ ስድስት ሺህ ሰው ወዶታል። ስልኩን ትራስ ሥር ከታ ልትስቅ ሞከረች። ሳቁ እምቢ አላት።

ነገሩ ሁሉ የመጣው ከውሃ ወረፋ ነው። ከዓይናለም ጉድጓዶች የሚመጣው ውሃ መቀሌ ካለው ሰፈራቸው ከጠፋ አሥራ አንደኛ ቀኑ ነበር፤ ሴቱ ሁሉ ጀሪካኑን ደርድሮ ቦቴ ይጠብቃል። ከአንድ ሱቅ የወሎ ዘፈን ተለቀቀ። ረምላ ባዶ ቢጫ ጀሪካኗን በነጠላ እንዳዘለች ስልቸታዋን በትከሻዋ አወጣችው፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ጀሪካኑ ንቅንቅ አላለም። አንድ ግቢ አብራት የተከራየችው ጎረቤቷ ፍሬወይኒ በስልኳ ቀረጸቻት። ሠላሳ ስምንት ሴኮንድ ነው። በሳምንቱ ከመቀሌ እስከ ጅዳ «የጀሪካኗ ልጅ» የማይላት ጠፋ፤ ልብስ ስፌት ቤት ቁልፍ ስትተክል የኖረች ልጅ ሰርግ ላይ እየተጠራች ትጨፍር ጀመር። እናቷ ወሎ፣ ሐይቅ አጠገብ ካለው መንደራቸው ሆና በጎረቤት ስልክ አይታት «ትከሻው የኔ ነው፤ እኔ ነኝ የሰጠኋት» ብላ ሳቀች አሉ። ረምላን በሕይወቷ ከሰማችው ሙገሳ ሁሉ ያስደሰታት ይኸኛው ነበር።

ወንድሟ አብዱልወዱድ ጋ ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነው። ሚስቱ ሩፋይዳ ጋ ደወለች። በሦስተኛው ጥሪ ተነሳ።

«እማዬን አገናኚኝ።»

ከሩፋይዳ በስተኋላ የብዙ ሴቶች ድምፅ ነበር፤ ወዲያው አንድ ሰው የከለከላቸው ይመስል ጸጥ አለ።

«ወፍጮ ቤት ሄዳለች። ስትመጣ አስደውላታለሁ፤ አብሽሪ።»

ስልኩ ተዘጋ። የረምላ እናት ጉልበቷን ካመማት ወዲህ እንኳን ወፍጮ ቤት፣ ከደጅ እስከ ጓሮም የምትሄደው በሰው ተደግፋ ነው። ሩፋይዳ ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፤ ደንግጣ አፏ ላይ የመጣላትን ነው የተናገረችው።

ልማዱን ታውቀዋለች። መርዶ በስልክ አይነገርም። አገር ቤት ሰው ሲሞት ርቆ ላለ ልጅ የአገሩ ሰዎች ተሰብስበው፣ ጎሕ ሲቀድ በሩን አንኳኩተው፣ ግራና ቀኝ ደግፈው ይዘው ነው የሚነግሩት። እስከዚያ ድረስ የሚያውቅ ሁሉ ይዋሻል፤ ውሸቱም ከደግነት ይቆጠራል። እሷ ራሷ አምና አባቱ ለሞተበት ለአንድ የአገሯ ልጅ አራት ቀን ሙሉ እየሳቀች ሻይ ቀድታለታለች። ያኔ መልካም የሠራች መስሏት ነበር።

ፍሬወይኒ ከሰዓት በኋላ ለሚጨፈርበት ሰርግ የሚለበሰውን ቀሚስ ተኩሳ ስትገባ ረምላ ስልኩን ሰጠቻት።

«ዋይ! ይሄ ቅናተኛ ነው፣ ሓፍተይ። ኣጥፊው።»

«ቅናተኛ ባይሆንስ?»

ፍሬወይኒ ቀሚሱን ሚስማር ላይ ሰቀለችው። «ኣቦይ ይማምን ጠይቂያቸው» አለች። «የሀገርሽ ሰው ወሬ መጀመሪያ እሳቸው ጋ ነው የሚደርሰው።»

ጋሼ ይማም ቀዳማይ ወያነ ገበያ ውስጥ ልባሽ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ መቀሌ ላለው ወሎዬ አባትም ዳኛም ናቸው። ረምላ ከሱቃቸው ደጅ ስትደርስ ከወንበራቸው ተነሡላት። እኚህ ሽማግሌ ለእሷ ተነሥተው አያውቁም።

«ነይ የኔ ልጅ። ቁርስ በልተሻል?»

«ጋሼ፣ እማዬ ደህና ናት?»

«ምን ትሆናለች? ደህና ናት።» ይህን ሲሉ አላዩዋትም፤ የታጠፈ ሹራብ አንሥተው እንደገና ያጥፉ ጀመር።

«ወላሂ ይበሉኝ።»

እጃቸው ቆመ። ጋሼ ይማም ለልማድ ሲሉ ይዋሻሉ፤ በጀሊሉ ስም ግን በሐሰት አይምሉም። ገዢ «ይማሉ» ብሎ ሲያፋጥጣቸው ከመማል ዋጋ መቀነስ የሚመርጡ ነጋዴ መሆናቸውን ገበያው ሁሉ ያውቃል። ረምላም ታውቃለች፤ ስለዚህ ጠበቀች። ሹራቡን ሦስት ጊዜ አጠፉት።

«መሐላው ምን ያደርግልሻል?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዛሬ የትም አትሂጂ፤ እኔ ጋ ዋይ። ነገ ጠዋት እንነጋገራለን።»

ነገ ጠዋት። የአብዱልወዱድ ስልክ የተዘጋው መንገድ ላይ ስለሆነ ነው ማለት ነው፤ ሲነገራት አጠገቧ ሊሆን እየመጣ ነው። ረምላ ሁሉም ገባት፤ ገብቷትም አልተቀበለችውም። ማወቅ ሌላ፣ መነገር ሌላ! እስካሁን ማንም «ሞታለች» አላላትም። እዚህ ልባሽ ጨርቅ መሐል ተቀምጣ ከዋለች ለቅሶ ተቀመጠች ማለት ነው፤ እናቷን በገዛ እጇ ቀበረቻት ማለት ነው። ሥራዋ ከሄደች ግን እናቷ ወፍጮ ቤት የሄደችባት፣ ስትመለስ የምትደውልላት ልጅ ናት። ሞኝነት መሆኑን አላጣችውም፤ ሌላ የምትይዘው ነገር አልነበራትም እንጂ።

«እሺ፣ ጋሼ» ብላ ወጣች። ከኋላዋ በስሟ ሲጠሩ ሰማች፤ እግሯን አፈጠነች።

ስምንት ሰዓት ላይ ሰሜን ክፍለ ከተማ ያለው የሰርግ አዳራሽ ሞልቶ ነበር። የጥር ሰርግ ነው፤ እንግዳው ገና ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰ ነጭ በነጭ ሆኖ ጠረጴዛውን ይዟል። መጋረጃው ጀርባ ፍሬወይኒ ጀሪካኑን እያሠረችላት ታለቅሳለች።

«በጃኺ፣ እባክሽ እንመለስ። ለሰርገኞቹ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«ምን ብለሽ?» አለች ረምላ።

ፍሬወይኒ የጀሪካኑን ማሠሪያ አጠበቀች። እሷም ብትሆን ያንን ቃል መጀመሪያ የምታወጣው ሰው መሆን አልፈለገችም።

መድረክ መሪው «የጀሪካኗ ልጅ!» ብሎ ጮኸ። ረምላ ወጣች፤ ስልኮች ሁሉ ተነሡ። ያ ስም የለሹ ሰው ነገ ይህንንም እንደሚያየው አሰበች። አብዱልወዱድ ያየዋል፤ ዛሬ እናቷ ቤት የተቀመጡት ሴቶች ያዩታል። እናቷ ተቀብራ ስትጨፍር የታየች ልጅ ምን እንደምትባል፣ ስንት ዓመት እንደምትባል አሰበች። ኪቦርድ ተጫዋቹ ጣቶቹን አዘጋጅቶ ምልክቷን ይጠብቃል።

ያኔ የአዳራሹ በር ተከፈተና ጋሼ ይማም ገቡ። ነጭ ኮፍያቸውን አድርገዋል፤ ከኋላቸው ጋቢ የለበሱ ሦስት የአገሯ ሰዎች አሉ። ዘፈን ያለበት ደጅ ረግጠው የማያውቁት ሽማግሌ ነገን መጠበቅ ትተው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በሞላበት ሊነግሯት መጡ። ከውርደት ሊያተርፏት ነው የመጡት፤ ረምላ ከሩቅ ስታያቸው ይህን አወቀች፤ ልቧም በፍቅርና በጥላቻ ተከፈለ። ጋሼ ይማም መዳፋቸውን ከፍ አድርገው «ቆዪ» አሏት።

በመካከላቸው ሃያ ያህል ጠረጴዛ አለ፣ ሳህን የተሸከመ አስተናጋጅ አለ፣ የሚሯሯጥ ሕፃን አለ። ሽማግሌው ይቅርታ እየጠየቁ፣ በወንበሮች መሐል እየተጋፉ ይመጣሉ። ዝም ብላ ብትቆም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይደርሱና እናት የሌላት ልጅ ያደርጓታል።

ለኪቦርድ ተጫዋቹ አንገቷን ነቀነቀችለት።

ዜማው ወጣ፤ ትከሻዋ ተነሣ። አዳራሹ በእልልታና በጩኸት ተናወጠ። ረምላ እንዲህ ጨፍራ አታውቅም፤ እንባዋ አገጯ ላይ ሲደርስ ሰው ላብ መሰለው። ጋሼ ይማም አሥረኛውን ጠረጴዛ አለፉ፤ እናቷ አለች። አሥራ አምስተኛውን አለፉ፤ አሁንም አለች። ሴቶች ገንዘብ ሊሸልሟት ተነሥተው መንገዱን ዘጉባቸው፤ ረምላ በሆዷ መረቀቻቸው። ከዚያ ክፍተት ተገኘ።

ሽማግሌው መድረኩ ሥር ደረሱ። ሁለት እጃቸውን ዘረጉላት፤ ዓይናቸው ቀልቷል፤ ከንፈራቸው ተላቀቀ።

ረምላ መጨፈሯን ሳታቋርጥ ወደ ኪቦርድ ተጫዋቹ ዞራ፣ ድምፁን እንዲጨምረው በእጇ ምልክት ሰጠችው።