አይጠባም ያለችው እናት

በግብፅ፣ ሶሃግ ከተማ አጠገብ ባለች አንዲት መንደር ልጇን አፍ አውጥታ የምታደንቅ እናት የለችም። ድንቡሽቡሽ ያለ ጨቅላ አቅፋ «ይሄ መናኛ፣ አይጠባ አያድግ!» ትላለች፤ ዓይን እንዳይበላው ነዋ። ኢንሻራህ የመንደሩ ልጅ ስለሆነች ይህን አሳምራ ታውቃለች። ስለ እናቶችና ሕፃናት ጤና ለሚያጠና ቡድን ቤት ለቤት እየዞረች መረጃ ትሰበስባለች። ከካይሮ የመጡ ባልደረቦቿ የእናቶቹን ቃል አምነው ሐኪም ካልጠራን ሲሉ ሆዷን ይዛ ትስቅባቸው ነበር። «እናት ታሞብኛል ካለች ልጁ አንበሳ ነው ማለት ነው» ብላ አስተማረቻቸው። እውነቷን ነበር። ግን ሁልጊዜ ልክ የሆነ ሰው ጆሮው እየደነቆረ ይሄዳል።

በሐምሌ ሐሩር ረስሚያ ቤት ገባች። ረስሚያ አራት ልጆች አሳድጋለች፤ አራቱንም በኢንሻራህ ፊት ስታጣጥላቸው ኖራለች። አምስተኛው፣ የሦስት ወር ጨቅላ፣ ጭኗ ላይ ተጠቅልሎ ተኝቷል።

«እቴ፣ ይሄ ልጅ አልጠባም አለኝ» አለች ረስሚያ። «ተቅማጥ ከያዘው ወዲህ እንዲህ ሆነ። ሲያለቅስም እንባ የለው።»

«ደግሞ ጀመረሽ!» ኢንሻራህ ሳቀች። «ትልቁንስ ሊሞትብኝ ነው ስትዪ አልነበር? ይኸው ዛሬ በሬ አክሏል።»

«የዛሬው የምሬን ነው። እስቲ መዝኚው።»

የዚያ መንደር እናቶች ኢንሻራህ ይዛው የምትዞረውን የሕፃናት ሚዛን ሲያዩ ልጃቸውን ይደብቃሉ እንጂ መዝኚልኝ ያለቻት አንዲትም የለች። ያኔ መባነን ነበረባት! እሷ ግን ልጆቻችሁን አስመዝኑ ያልኩት ምክሬ ሠራ ብላ ደስ አላት። ደጅ ላይ የቡድኑ ሾፌር የመኪናውን ጥሩንባ ይነፋል፤ ያልተደረሰባቸው ቤቶችም ገና ብዙ ነበሩ። «ደህና ነው፤ ሰኞ ስመለስ እመዝንልሻለሁ» አለችና ጨርቁን እንኳ ሳትገልጥ ወጣች።

ሰኞ ስትመጣ ጥቁር የለበሱ ሴቶች ግቢውን ሞልተውት አገኘች። ረስሚያ አጠገብ ዘፍ ብላ «ምነው ጤና ጣቢያ በወሰድሽው!» አለች፤ ቃሉ ከአፏ እንደወጣ አፈረች።

«ልወስደው ተነሥቼ ነበር» አለች ረስሚያ። «አንቺ ስትስቂ ልቤ ተመለሰ። የተማረችው ከሳቀች ደህና ቢሆን ነው አልኩ።» ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻል ነበር።

ኢንሻራህ ተንሰቀሰቀች።

«ቆንጆ ነበር እኮ» አለች ረስሚያ ድንገት።

አንዲት አሮጊት በልማድ አፏን ልትይዛት እጇን ሰደደች። ረስሚያ እጁን ገፋችው።

«ተዪኝ፣ ልንገራት! ሽፋሽፍቱ ጉንጩን የሚነካ፣ ሲስቅ እዚህ ጋ ስርጉድ የሚል... ከአምስቱም መልከ መልካሙ እሱ ነበር። አሁን የማን ዓይን ምን ያደርገዋል?»