የአባቴ ስም በአራተኛው ፎቅ

ሰኞ፣ ሰኔ 5 ቀን 1970 ዓ.ም. ሮም የምማርበት ፋኩልታ አሳንሰር ተበላሸ። የእኔ የመጀመሪያ የቃል ፈተና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ አራተኛው ፎቅ ላይ ነበር።

በልጅነቴ ፖሊዮ ግራ እግሬን ስለጎዳው የምሄደው በሁለት ክራንች ነው። ይህን ፈተና ካላለፍኩ የነጻ ትምህርት ዕድሌ ይቋረጣል፤ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ፔርሜሶዬም አይታደስም። እናቴ ደግሞ ወንድሜ ከታሰረ ወዲህ በሰው እጅ በላከችው ደብዳቤ «ወደ አገር ቤት እንዳትመጪ» ብላኛለች።

ተፈታኞች የሚጠሩት በላቲን ፊደል ተራ ነው። ስሜ «የሻረግ» ከመጨረሻዎቹ እንደሚሆን ስላሰላሁ፣ በየፎቁ እያረፍኩ ብወጣም እደርሳለሁ ብዬ ነበር። እዚሁ ሰው ቤት የምትሠራው አብሮ አደጌ ዘርፈሽዋል የሐሙስ ዕረፍቷን ሰጥታኝ፣ ቦርሳዬን ይዛ ከኋላዬ ትወጣለች።

«ላዝልሽ፣ የሻርዬ።»

«አይሆንም።»

«የሲኞራዬን ሻንጣ ስሸከም ነው የኖርኩት፤ አንቺማ ምን ክብደት አለሽ?»

ሳቄን ዋጥኩት። ትንፋሼን ለደረጃው እፈልገው ነበር።

ሦስተኛው ፎቅ ስንደርስ ከላይ «አሰግድ!» የሚል ጥሪ ተሰማ።

ዘርፈሽዋል ቆመች። «አባትሽን እዚህ ማን ያውቃቸዋል?»

ያን ጊዜ ገባኝ። ጣልያኖች ሰውን የሚመዘግቡት በቤተሰብ ስም ነው፤ በእነርሱ ዝርዝር ላይ እኔ አሰግድ ነኝ፣ ከመጀመሪያዎቹም አንዷ። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ያልቀረበ ይሰረዛል።

«አሰግድ!»

«አለች! ኡን አቲሞ! አንድ አፍታ! እየመጣች ነው!» ዘርፈሽዋል ቦርሳዬን እንደያዘች እየጮኸች ሽቅብ ሮጠች። እኔ ቸኮልኩ፤ ክራንቼ ዕብነ በረዱ ላይ ተንሸራተተ፤ የደረጃውን ብረት ይዤ ተረፍኩ። ሦስተኛው ጥሪ ሲሰማ ገና ዘጠኝ ደረጃ ይቀረኝ ነበር።

ስገባ ስሜ ተሰርዟል። ፕሮፌሰሩ ክራንቾቼን አዩ፤ ከዚያ ላብ ያጠመቀውን ፊቴን። ውጤት የሚጻፍበትን ሊብሬቶዬን ከዘርፈሽዋል እጅ ተቀብለው ብዕራቸውን ከፈቱ።

«እዚህ ድረስ መውጣትዎ ይበቃል፣ ሲኞሪና። ከሠላሳ አሥራ ስምንት እሰጥዎታለሁ፤ ዝቅተኛው የማለፊያ ነጥብ ነው። ይሂዱና ይረፉ።»

አንድም ጥያቄ አልጠየቁኝም። ተራቸውን የሚጠብቁት ተማሪዎች ይመለከቱኛል።

«ተቀበይ እንጂ!» አለች ዘርፈሽዋል በአማርኛ። «ጠይቀውሽ ብትወድቂስ?»

ብወድቅ የሚሆነውን አውቃለሁ። ብዕሩ ወረቀቱን ሊነካ ሲል እጄን ሊብሬቶው ላይ አኖርኩ።

«ፕሮፌሶሬ፣ ይጠይቁኝ» አልኳቸው።