አምስት ቡቃያ በሰልፍ

ስሚኝማ የኔ ማር፣ ቡቃያ ቆጣሪዋ ልጅ ዘጠነኛው የአፈር ትሪ ላይ አጎንብሳ እንዴት እንደጮኸች ብታዪ! የላስቲክ ቤቱን ጣሪያ ልትቀደው ትንሽ ነው የቀራት። አምስት ቡቃያ! ሳር አይደለም፣ አረም አይደለም፤ ወፈር ያለ የሚያብለጨልጭ ቅጠል ያለው የዛፍ ቡቃያ።

እንዴት አትጮህ? ከትምህርት ቤት እንደወጣች የያዘችው ሥራ ይሄው ነው። የሷ ትሪዎች አፈር የመጣው ሰው ከተከለው የጥድ ደን ሥር ነው። ጓደኛዋ ደግሞ ከጎኑ ካለው የተፈጥሮ ደን የመጣውን ትቆጥራለች። ውሃ ማጠጣት፣ የበቀለውን መቁጠር፣ መንቀል፣ መመዝገብ። ጥዱ ሊቆረጥ ነዋ! አፈሩ ውስጥ የድሮው ደን ዘር ተኝቶ ከተገኘ ቦታው ዝም ተብሎ ይተዋል፣ ራሱ ይበቅላል። ከሌለ ግን በእጅ መተከል አለበት። እና ሰባት ወር ሙሉ ምን በቀለ? ሳር። አሁንም ሳር። አንጀቷ አርሯል። ማታ እናቷ "ዛሬስ?" ካለቻት "ሳር!" ብላ በሩን ድርግም ነው።

ዛሬ ግን ደግማ ስታያቸው ደስታዋ ውሃ ሆነ። አምስቱም ቀጥ ባለ መስመር፣ በመሃላቸው እኩል ሁለት ሁለት ጣት። ወፍ የጣለው ዘር እንደ ተማሪ ተሰልፎ ይበቅላል እንዴ?

ዞር ስትል አጎቷ፣ የላስቲክ ቤቱ አትክልተኛ፣ የውሃ ጎማውን ይዞ እንደ ሙሽራ ፈገግ ብሏል።

"ጋሼ፣ ምን አድርገህ ነው?"

"ከወዲያኛው ደን ፍሬ ለቅሜ ጣል ጣል አደረግኩልሽ። ስትበሳጪ አላስችል ብሎኝ!"

"ጣል ጣል? እንደ ጎመን እኮ ነው ደርድረህ የተከልከው!"

"ሠላሳ ዓመት የተከልኩ ሰውዬ አጣምሜ ልትከልልሽ?"

"ሌላ ትሪ ነክተሃል?"

"ኧረ ይቺን ብቻ!"

"ጋሼ፣ ይሄን አምነው ቦታውን ቢተዉትስ? ሜዳ ሆኖ ይቀራል እኮ!"

ፈገግታው ጠፋ። የጎማው ውሃ ጫማው ላይ ይፈሳል፣ እሱ ግን ልብ አላለም። "ደስ እንዲልሽ ብዬ እኮ ነው" አለ ቀስ ብሎ።

ጥናቱን የምትመራው አጥኚ ከሰዓት መዝገቡን ልትወስድ ትመጣለች። ቆጣሪዋ እውነቱን ከጻፈች አጎቷ ከሥራው ሊባረር ነው። እሷም ሰባት ወር የለፋችበት ትሪ ሊጣል!

"ነቅዬ ዜሮ ብጽፍስ?" አለች ወደ ጓደኛዋ ዞራ። "ሳይተክል በፊትም ዜሮ ነበር። ማን ያውቃል?"

ጓደኛዋ ከትሪዋ ቀና ሳትል መለሰችላት። ቆጣሪዋ እስክሪብቶውን አነሳችና፣ "ዘጠነኛ፦ የሰው እጅ ዘርቶበታል፤ አይቆጠር" ብላ ጻፈች። ከዚያ አጎቷን እጁን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችው። "አብረን እንነግራታለን" አለችው።

ጓደኛዋ ምን ብላት ነው? ቃል በቃል ልንገርሽ፦

"ዜሮ ብትጽፊማ አንቺም ተክለሻል ማለት ነው።"